ለነጠላና ለሻርፕ የሚሆን ክር አመራረጥ፤ ጥጥ ወይስ ቪስኮስ?

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ጥጥ አምራቹ ገበሬ፣ ፈታይዋና ሸማኔው በአንድ ክር የተሳሰሩ ናቸው። ገበሬው ጥጡን ለቅሞ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፈታይዋ በእንዝርቷ ስትፈትለው፣ ሸማኔውም መወርወሪያውን ሲያመላልስ ሦስቱም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ነጠላውን ገዝቶ የሚለብሰው ደንበኛ ነው። ደንበኛው በገዛው ልብስ ካዘነ ጉዳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስቱንም ያገኛቸዋል።

በአሁኑ ጊዜ በሸማ ክር ገበያ ከጥጡ ጎን ለጎን የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳና ቀለሙ የደመቀ ክር ይሸጣል። ከዚህም ውስጥ አንዱ ክፍል ሬዮን ወይም ቪስኮስ የሚባለው ከፊል ሰው ሠራሽ ክር ነው። የሸማኔዎች ማኅበራት ይህን ክር ሲያዩ የሚያነሡት ጥያቄ ሁለት ነው፤ «ይህ ጥጥ ነው ወይስ ፕላስቲክ?» እና «ብንገዛው ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሁለቱንም አይደለም የሚል ነው። ለሁለተኛው ግን መልሱ ክሩ በሚውልበት ሥራ ይወሰናል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞች ሁለቱን ክሮች ለይተው እንዲያውቁ፣ በቀላል ዘዴ እንዲፈትኑና ለማኅበራት ትክክለኛ ምክር እንዲሰጡ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

1. ቪስኮስ ከምን ይሠራል?

ጥጥ ተክሉ ራሱ በፍሬው ዙሪያ የሚያበቅለው ቃጫ ነው። የቃጫው ዋና አካል ሴሉሎስ ይባላል። ሴሉሎስ በጥጥ ብቻ ሳይሆን በእንጨት፣ በገለባና በሣር ውስጥም ይገኛል። ቪስኮስ የሚሠራው ከእንጨት ከሚወጣው ሴሉሎስ ነው። የእንጨቱ ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳ ተነክሮ፣ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ከሚባለው ኬሚካል ጋር ተዋሕዶ እንደ ማር ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሰልፈሪክ አሲድ ወዳለበት ገንዳ ሲገባ ይረጋና እንደገና ሴሉሎስ ሆኖ በክር መልክ ይወጣል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስመዘገቡት ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የተባሉ ሦስት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ናቸው። «ሬዮን» የሚለው መጠሪያ ደግሞ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

እንግዲህ ከፊል ሰው ሠራሽ የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጥሬ ዕቃው ከዛፍ የተገኘ ሲሆን ቅርጹን የሰጠው ፋብሪካ ነው። ፖሊስተርና አክሪሊክ ግን ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠሩ ስለሆኑ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ናቸው። እነዚህን ከቪስኮስ ጋር መቀላቀል አይገባም። ጥጥና ቪስኮስ አፈር ውስጥ ሲቀበሩ ይበሰብሳሉ፤ ፖሊስተር ግን ለብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ይቆያል።

አንዳንድ ማኅበራት ቪስኮስ ከባሕር ዛፍም ሊሠራ እንደሚችል ሲሰሙ «የእኛስ ባሕር ዛፍ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባሕር ዛፍ በእርግጥ ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ዛፎች አንዱ ነው። ነገር ግን ሥራው ከፍተኛ ፋብሪካ፣ ብዙ ውኃና ጥብቅ ቁጥጥር የሚጠይቅ በመሆኑ በማኅበር ደረጃ የሚሞከር አይደለም። በተለይም ካርቦን ዳይሰልፋይድ በአየር ውስጥ በዝቶ ሲተነፈስ የሠራተኛውን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ መሆኑ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። ከቪስኮስ በኋላ የመጣው ሊዮሴል የተባለው ክር ይህን ኬሚካል የማይጠቀምና ማሟሟቻውም ከሞላ ጎደል ሁሉ ተመልሶ ለሥራ የሚውል በመሆኑ በዚህ በኩል የተሻለ ነው።

2. የሁለቱ ክሮች ጠባይ

ሀ/ ጥንካሬ። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። የጥጥ ክር ውኃ ሲነካው ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ቪስኮስ ግን ሲርስ ከደረቅ ጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። በደረቁ ሲጎተት ጠንካራ የመሰለው ክር በሳፋ ውስጥ ሲታሽና ሲጠመዘዝ የሚበጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። የአገራችን ልብስ በአብዛኛው በእጅ የሚታጠብና ተጠምዞ የሚጨመቅ በመሆኑ ይህ ጠባይ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ለ/ ላብና እርጥበት መምጠጥ። ሁለቱም እርጥበት ይመጥጣሉ። በመደበኛ አየር ውስጥ ጥጥ ከደረቅ ክብደቱ ከ7 እስከ 8.5 በመቶ፣ ቪስኮስ ደግሞ ከ11 እስከ 13 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል። ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለሆነም በቆላ አገር በአንገትና በራስ ላይ ለሚጠመጠም ሻርፕ ጥጥም ቪስኮስም ለገላ ይስማማሉ፤ ፖሊስተር ግን ያፍናል።

ሐ/ ሙቀት። የጋቢ ሙቀት የሚመጣው በክሩ መካከል ከሚታሰረው አየር ነው። በእጅ የተፈተለ የጥጥ ማግ ለስለስ ያለና የሚነፋ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ አራት ድርብ ሲሆን ደግሞ የደጋውን ብርድ ይመክታል። ቪስኮስ ለስላሳና ተንሸራታች ስለሆነ ገላ ላይ ይተኛል እንጂ አይነፋም። ስለዚህ ለጋቢ አይመከርም።

መ/ መልክና አወራረድ። በዚህ በኩል ቪስኮስ ይበልጣል። እንደ ሐር ያብረቀርቃል፣ ከትከሻ ላይ በለስላሳው ይወርዳል፣ ቀለምም አጥልቆ ይቀበላል። ለጥለት፣ ለበዓል ሻርፕና ለሻሽ የሚፈለገው በዚህ ጠባዩ ነው።

ሠ/ መሸብሸብና መሰብሰብ። ያልታጠበ የሸማ ሥራ በመጀመሪያው አጠባ ይሰበሰባል፤ ይህ በጥጥም የሚደርስ ነው። የቪስኮስ ክር ግን በውኃ ውስጥ በጣም ስለሚያብጥ ጨርቁ ይበልጥ ይኮማተራል፣ ሲደርቅም ይደርቃል፣ ይሸበሸባል። ጥጡና ቪስኮሱ በአንድ ልብስ ውስጥ ሲገናኙ የመሰብሰባቸው መጠን ስለሚለያይ ጥለቱ ከመደቡ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ይጨማደዳል።

ረ/ እሳት። ጥጥም ቪስኮስም በቀላሉ በእሳት ይያያዛሉ። ፖሊስተርና አክሪሊክ ደግሞ ይቀልጡና ገላ ላይ ይጣበቃሉ። ምድጃ አጠገብ ወይም ቡና ሲፈላ የነጠላ ጫፍ ወደ ፍም እንዳይወርድ መጠንቀቅ ለሁሉም ዓይነት ክር የሚያስፈልግ ነው።

3. ክሩን እንዴት እንለያለን?

በገበያ ክር የሚጠራበት ስም ብዙውን ጊዜ መልኩን ወይም የመጣበትን ቦታ እንጂ ምን ዓይነት ቃጫ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ማኅበሩ በስም ሳይሆን በፈተና መግዛት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ፈተና፤ ማቃጠል። ጥቂት ክር በወረንጦ ይዞ በክብሪት መለኮስ ነው። እንደ ወረቀት ሸትቶ ቢነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ቢተው ጥጥ ወይም ቪስኮስ ነው። ጥቁር ጢስ አውጥቶ ቢቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጠጠር ቢሆን ሰው ሠራሽ ክር አለበት። እንደ ጠጉር ቢሸት ሱፍ ወይም ሐር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ጥጥና ቪስኮስ ሁለቱም ሴሉሎስ ስለሆኑ በእሳት አይለዩም። ነጋዴው ክሩን ለኩሶ «ይኸው፣ እንደ ወረቀት ነደደ፤ ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢል አባባሉ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ፈተና፤ ማርጠብ። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ክር ወስዶ መካከሉን ብቻ በውኃ ማርጠብ፣ አንድ ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች ይዞ ቀስ እያሉ እኩል መጎተት ነው። ክሩ በረጠበው ቦታ ከተበጠሰ ቪስኮስ ነው። በደረቁ ቦታ ከተበጠሰ ጥጥ ነው። ክር አንዳንድ ቦታ ስለሚሳሳ፣ በተለይም የእጅ ፈትል ሲሆን፣ በአንድ ሙከራ መፍረድ አይገባም። አሥር ጊዜ ሞክሮ የሚበዛውን ውጤት መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፈተና፤ የቀለም መልቀቅ። ባለ ቀለሙን የጥለት ክር በሳሙና ውኃ አርጥቦ በነጭ የጥጥ ጨርቅ መካከል አድርጎ፣ ከላዩ ድንጋይ ጭኖ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ክሩ ለነጠላ ጥለት አይሆንም። አንድ ጥለት ቀለሙን ቢለቅ መላው ነጭ መደብ ይበላሻል።

አራተኛው ፈተና፤ የክር ቁጥር። ክሩን ዙሪያው አንድ ሜትር በሆነ መጠቅለያ ላይ መቶ ጊዜ አዙሮ በወርቅ ሠሪ ሚዛን መመዘን ነው። 59ን በተገኘው ግራም ስናካፍል የክሩን ቁጥር እናገኛለን። ለምሳሌ መቶው ሜትር 2.95 ግራም ቢመዝን 20 ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክሩ ወፍራም ነው። ማኅበሩ 20 ቁጥር ብሎ ከፍሎ 16 ቁጥር ቢቀበል፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ የሚያገኘው ሜትር በአምስት አንድ እጅ ይቀንስበታል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሚዛን አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። ከአንድ ኪሎ የጥጥ ክር ውስጥ በመደበኛ አየር ከ65 እስከ 80 ግራም የሚሆነው እርጥበት ነው። በቪስኮስ ይህ መጠን ከ100 እስከ 115 ግራም ይደርሳል። እርጥብ መጋዘን ውስጥ የከረመ ክር ደግሞ ከዚህ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ክር በዝናብ ወራት ሲገዛ ማድረቅና እንደገና መመዘን ተገቢ ነው።

4. ለየትኛው ሥራ የትኛው ክር?

ከላይ በተዘረዘሩት ጠባዮች መሠረት የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

- ለዘወትር ነጠላና ኩታ፤ ድሩም ማጉም ጥጥ ይሁን። ብዙ ጊዜ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።
- ለጋቢ፤ ድሩ የፋብሪካ የጥጥ ክር፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል።
- ለበዓል ነጠላ ጥለት፤ ቀለሙ የማይለቅ ቪስኮስ ሊገባ ይችላል። መደቡ ግን ጥጥ ይሁን።
- ለሻርፕና ለሻሽ፤ በእርጋታ የሚያዝና አልፎ አልፎ የሚታጠብ ከሆነ ቪስኮስ ይበቃል፤ ያምራልም።
- ለሕፃን መታቀፊያና ለአራስ ልብስ፤ ጥጥ ብቻ። ተደጋግሞ የሚታጠብና ሊቀቀል የሚገባው ልብስ ነው።

ቪስኮስን ድር ለማድረግ የሚፈልግ ሸማኔ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ድሩ የዱቄት ሙቅ ሲቀባ ስለሚርስ ጥንካሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ሳይወጠር በደንብ እስኪደርቅ መቆየት አለበት። ጥጥና ቪስኮስ በአንድ ልብስ የሚያገናኝ ሸማኔም ሁለቱንም ክሮች ከሥራው በፊት በንጹሕ ውኃ ነክሮ ሳይጠመዝዝ በጥላ ማድረቅ ይገባዋል። ይህም በኋላ የሚመጣውን መጨማደድ ይቀንሳል።

ማኅበሩ አዲስ ክር ከመግዛቱ በፊት ትንሽ ናሙና ሸምኖ ቢፈትን ብዙ ኪሳራ ይድናል። ናሙናው ላይ በሌላ ቀለም ክር 50 ሳንቲ ሜትር ምልክት ይደረጋል። ሦስት ጊዜ ታጥቦ በጥላ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይለካል። 47 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቢገኝ የተሰበሰበው 6 በመቶ ነው። በዚህ መሠረት ሸማኔው ከሚፈለገው ርዝመት በላይ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት ያውቃል።

5. ትርፍና ኪሳራው

ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት የክሩን ዋጋ ብቻ ነው። ደንበኛው ግን የሚከፍለው ለክር ሳይሆን ለአገልግሎት ነው። ለስሌት ያህል አንድ የጥጥ ነጠላ 900 ብር ተሽጦ ስድስት ዓመት ቢለበስ፣ የለባሹ ወጪ በዓመት 150 ብር ነው። ቪስኮስ የሆነ ነጠላ 600 ብር ተሽጦ ሁለት ዓመት ቢለበስ ወጪው በዓመት 300 ብር ይሆናል። ርካሽ የመሰለው በእጥፍ ተወደደ ማለት ነው። የልማት ሠራተኛው እነዚህን ቁጥሮች በአካባቢው ዋጋ ተክቶ ከማኅበሩ አባላት ጋር ቢያሰላ ነገሩ በቃል ከመናገር ይበልጥ ይገባል።

ከዋጋው በላይ ግን የሚያሳስበው እምነት ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ ያተረፉት ስም የእጃቸውና የጥጡ ስም ነው። ቪስኮስ መሸጥ ነውር አይደለም። ቪስኮስን ጥጥ ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው። ስለሆነም ማኅበራት በሚሸጡት ልብስ ሁሉ ላይ «ድር፤ ጥጥ። ማግ፤ ጥጥ። ጥለት፤ ቪስኮስ።» የሚል አነስተኛ ጽሑፍ እንዲያያይዙና አስተጣጠቡንም አብረው እንዲገልጹ እንመክራለን። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም ነጠላና ጋቢ የሚያስልክ በመሆኑና በማሽን የማጠብ ልማድ ስላለው ይህ ጽሑፍ ለእሱ የበለጠ ያስፈልገዋል።

6. ጥጥ አምራች ማኅበራት ምን ያድርጉ?

ሸማኔው ወደ ሌላ ክር የሚያዘነብለው ሁልጊዜ በመልኩ ተስቦ አይደለም። ያገኘው ጥጥ የቆሸሸ፣ የሚጣበቅ ወይም አጭር ሲሆንበትም ነው። ስለዚህ የጥጥ ገበያ የሚጠበቀው በማሳ ላይ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት የተዘሩት እንደ አካላ ኤስ ጄ-2ና ዴልታፓይን-90 ያሉት ዝርያዎች በሚገባ ከተያዙ ለፋብሪካም ለእጅ ፈትልም የሚሆን ጥጥ ይሰጣሉ። በመተማና በሑመራ በዝናብ የሚመረተውም እንዲሁ ነው። ጥራቱን የሚያበላሹት ግን የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ዝርያ መቀላቀል። ረጅምና አጭር ቃጫ የተቀላቀለበት ጥጥ ወጥ ክር አይወጣውም። የተለያየ ዝርያ ለየብቻ ይለቀም፣ ለየብቻ ይዳመጥ።

2ኛ/ የፕላስቲክ ጆንያ። የማዳበሪያ ጆንያ ክር ከጥጡ ጋር ሲቀላቀል ቀለም ስለማይቀበል በተነከረው ልብስ ላይ ነጭ ሰረዝ ሆኖ ይወጣል። ጥጥ ለመልቀሚያም ለማጓጓዣም የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ይጠቀሙ፤ ማሰሪያውም የጥጥ ገመድ ይሁን።

3ኛ/ የሚጣበቅ ጥጥ። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ከቅጠሉ መጥጠው የሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ በተከፈተው ጥጥ ላይ ሲያርፍ ጥጡ ይጣበቃል፤ ኋላም ይጠቁራል። ማሳውን እስከ መጨረሻው መቆጣጠርና የተከፈተውን ጥጥ ሳያዘገዩ መልቀም ያስፈልጋል።

4ኛ/ እርጥብ መልቀም። ጤዛ ሳይደርቅ የተለቀመ ጥጥ ይሻግታል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ጥጥ መከመር የለበትም።

5ኛ/ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለቀማ መቀላቀል። የመጀመሪያው ንጹሕና የበሰለ ነው፤ ለየብቻው ቢሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ጥጥም የራሱ ዕዳ እንዳለበት አንሰውርም። ውኃ ይፈልጋል፤ በጸረ ተባይ አጠቃቀም ላይ ቸልተኝነት ከታየም ሰውንና ንብን ይጎዳል። ስለዚህ ያለ አሰሳ መርጨት መቆም፣ ከለቀማ በኋላም የጥጡን ግንድ ነቅሎ ማጥፋት ይገባል። ይህ የኋለኛው በተለይ ለሮዝ ጓይ ትል ማምከኛ ይጠቅማል።

7. አጠባና አያያዝ

የጥጥ ነጠላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በትኩስ ካውያ ይተኮሳል። ቪስኮስ ያለበት ልብስ ግን ለብ ባለ ውኃ ሳይታሽ ተነክሮ፣ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። ከገመድ ላይ ከመሰቀል ይልቅ በጥላ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ቢዘረጋ ይሻላል። ካውያውም መጠነኛ ይሁን። በረኪና ሲበዛ ሁለቱንም ክር ያደክማል።

እናቶቻችን ነጭ ሸማ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ዛሬም በብዙ ቦታ ይገኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የእንዶድ እጣቢ በሚወርድበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ተክሉ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል እንዲታወቅ አድርጓል። እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል እጣቢውን ወደ ወንዝ መድፋት አይገባም።

ልብሱ ከመታጠፉ በፊት ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ጥጥንም ቪስኮስንም ብል እንደ ሱፍ አይበላቸውም፤ ሻጋታ ግን ሁለቱንም ያበሰብሳቸዋል።

ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ለዘወትር ልብስና ለሙቀት ጥጥ፣ ለጌጥና ለጥለት ቪስኮስ ይሁን። ሁለቱም ግን በስማቸው ይሸጡ። የልማት ሠራተኛው በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃና ሁለት ዓይነት ክር ይዞ ቀርቦ የማርጠቡን ፈተና አባላቱ በገዛ እጃቸው እንዲሞክሩት ያድርግ። እንዲሁም የጥጥ አምራቾች ማኅበርና የሸማኔዎች ማኅበር በቀጥታ የሚገናኙበትን መንገድ ያመቻች። ሸማኔው ምን ዓይነት ጥጥ እንደሚፈልግ ገበሬው ከራሱ አፍ ቢሰማ ጥራቱን ለመጠበቅ ይተጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አምራቹ፣ ፈታይዋና ሸማኔው ቢያብሩ ገበያውን በእጃቸው ያቆዩታል።